አወዳደቅ የሚያውቅ ሰው

«ምንም ጥፋት የሌለበትን ሰው ምን ብዬ ነው የማሰናብተው?» ስትል ሰማት። ናዋ ሴይጂ በዚያ ሰዓት ከመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ባለችው ጠባብ ልብስ ማውለቂያ ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ተደግፎ ግራ ጉልበቱ ላይ የሕመም ፕላስተር እየለጠፈ ነበር። ልጁ ቺሆ ከግድግዳው ወዲያ ኮሪደሩ ላይ ቆማ በስልክ ታወራለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፤ በዚያ ቤት ውስጥ ግን ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሰውን ጆሮ ከማቆም በቀር ጥቅም የለውም። «አውቃለሁ አቶ ሺዮሚ። ዛሬ የወሩ መጨረሻ መሆኑንም አውቃለሁ። እኔ ራሴ እነግረዋለሁ ብያለሁ፣ እነግረዋለሁ። ግን አባቴ ስለሆነ አይደለም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም፣ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ጥፋቴ ምንድን ነው ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?» ከዚያ ማዳመጥ ጀመረች። አለቃዋ የሚለው አይሰማም። «ከኦሳካ እኔን የሚተካ ሰው ማምጣት አያስፈልግም» አለች በመጨረሻ፤ «የእኔን ሥራ እኔ እሠራዋለሁ። እስከ ማታ ጨርሼ እደውልልዎታለሁ።»

ፕላስተሩ ግማሹ ጉልበቱ ላይ፣ ግማሹ እርስ በርሱ ተጣብቆ ቀረ። ናዋ የልጁ ኮቴ ወደ ወጥ ቤት እስኪርቅ ጠበቀ፤ ከዚያም ምንም ሳያስፈልገው ቧንቧውን ከፍቶ ውሃውን ለአፍታ አፈሰሰው፤ ገና አሁን እንደገባ እንዲመስል። ዕድሜውን ሁሉ በስስ ግድግዳ ቤት የኖረ ሰው፣ የሰማውን እንዳልሰማ የሚያደርግበት የራሱ ዘዴ አለው።

ወጥ ቤት ውስጥ ሚስቱ ፉሚኤ ሦስት ሳህን ሩዝ፣ ሚሶ የሚሉት የአኩሪ አተር ሾርባ፣ የኮመጠጠ ፍጅልና ለሦስት የተከፈለ አንድ ጥብስ ዓሣ ዘርግታ ትጠብቃለች። ሩዙ ውስጥ ገብስ ገብቶበታል። የአምስት ኪሎ ሩዝ ዋጋ አራት ሺህ የን ካለፈ ወዲህ ፉሚኤ ገብስ ትቀላቅላለች፤ ማንም ሳይጠይቃት ግን «ለጨጓራ ጥሩ ነው» ትላለች። ቺሆ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ቆማ ትበላለች። «ቁጭ ብለሽ ብይ እንጂ፤ እንደ ባቡር ጣቢያ ሰው!» አለቻት እናቷ። «ረፍዷል እማዬ።» ናዋ ተቀመጠና ሾርባውን አነሳ። ልጁ አንድ ጊዜ አየችው፤ ቾፕስቲኩን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «አባዬ፣ ዛሬ...» አለችና ቆመች። «ዛሬ ምን?» «ዛሬ ሙቀቱ ሊብስ ነው ብለዋል። ውሃ ያዝ።» እይዛለሁ አላት። ጫማዋን አድርጋ ወጣች። የአጥሩ በር ሲዘጋ ፉሚኤ ልጅቷ ያስተረፈችውን ዓሣ ወደ እሱ ሳህን አዞረችው፤ እሱም በላው።

የናዋ ሥራ መሞት ነው። ከሃያ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ፣ በኪዮቶ ምዕራብ በኩል ባሉት የፊልም ቀረጻ ግቢዎች ውስጥ፣ ዋናው ተዋናይ ጎራዴውን በመዘዘ ቁጥር እንደ ቅጠል ከሚረግፉት ሰዎች አንዱ ነበር። ስሙ በፊልሙ መጨረሻ ላይ አይጻፍም፤ ቢጻፍም ሰው ከመቀመጫው ከተነሣ በኋላ ነው። የጥንቱ ዘመን ፊልሞች እየቀነሱ ሲመጡ የሚሞትበት ቦታ ጠፋ፤ ሁለት ዓመት ያህል የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ቆየ። የውጭ አገር እንግዶች ለአንድ ሰዓት ተኩል ሳሙራይ የሚሆኑበት ቤት ሲከፈትና ቺሆ በእንግሊዝኛዋ ምክንያት ኃላፊ ሆና ስትቀጠር፣ አባቷን ለአቶ ሺዮሚ ያስተዋወቀችው እሷው ናት። «እንዲህ የሚሞት ሰው በአገሩ አያገኙም» ብላ እንደነበር አቶ ሺዮሚ ራሱ እየሳቀ ነግሮታል።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት መውደቅ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ገዳዩን ገዳይ የሚያደርገው ሟቹ ነው። ጎራዴው ሰውነቱን አልፎ እስኪሄድ ግማሽ ትንፋሽ ያህል መጠበቅ፣ ከዚያ በተመታበት በኩል መታጠፍ፣ የገዳዩን ፊት ሳይጋርዱ ዞሮ ጀርባን መስጠት፣ መጀመሪያ ዳሌ ቀጥሎ ትከሻ ማሳረፍ፣ ጭንቅላትን ከወለሉ መጠበቅ፣ የእግርን መርገጫ ለተመልካች አለማሳየት፣ ከሞቱ በኋላም በሆድ ሳይሆን በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ ያስፈልጋል። እንግዶቹ ደግሞ የእንጨት ጎራዴ እንኳ ይዘው አያውቁም። አንዱ እንደ መጥረጊያ ይይዘዋል፣ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ይወረውረዋል። ስለዚህ ናዋ ወደ ጎራዴው ራሱ ይሄዳል፤ ገና ሳይነኩት እንደተነካ ይሆናል። እንግዳው አይቆርጠውም፣ ናዋ ነው ራሱን የሚያስቆርጠው። ፎቶው ላይ ግን ፋርማሲስቱም የባንክ ጸሐፊውም ጀግና ሆኖ ይወጣል።

በአውቶቡስ ሲሄድ ነገሩን እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ አገላብጦ አየው። አቶ ሺዮሚን ክፉ ሰው ነው ለማለት አልቻለም። ባለፈው የበልግ ወቅት ቺሆ የእንግዶቹን አስተያየት ወደ ጃፓንኛ ተርጉማ ግድግዳ ላይ ለጥፋ ነበር፤ አንዲት ሴት «ሁሉም ነገር ድንቅ ነው፤ ግን አያቴን የሚመስል ሰው መግደል ሆዴን አባባው» ብላ ጽፋለች። ሌላው «ሽማግሌው ሲነሣ ጉልበቱን ሲይዝ አየሁት፣ ማታ እንቅልፍ ነሣኝ» ብሏል። እነዚህ ሰዎች አልዋሹም። ለአንድ ሰው አሥራ ሁለት ሺህ የን፣ ለፎቶው ደግሞ ለብቻው ሦስት ሺህ ከፍሎ ጸጸት ይዞ መሄድ የሚፈልግ የለም። ናዋን ያንገበገበው መባረሩ አልነበረም፤ ልጁ «ምን ብዬ?» ያለችበት ድምፅ ነበር። ልጁን ያውቃታል። ሕፃን ሆና እንኳ ሰበብ ሳታገኝ ከጎረቤት ልጅ ጋር መጣላት አትችልም ነበር። ዛሬ ካልነገረችው ከኦሳካ ሰው ይመጣል፤ የሚመጣው ሰው ደግሞ እሱንም እሷንም በአንድ ወረቀት ያሰናብታቸዋል። አውቶቡሱ የሆሪካዋን መንገድ ሲይዝ አንድ ሐሳብ መጣለት። ጥፋት ከሆነ የቸገራት፣ ጥፋት ይሰጣታል።

ምን ዓይነት ጥፋት እንደሆነም ማሰብ አላስፈለገውም። በእነሱ ሙያ መዘግየትም፣ መሰናከልም፣ በአጉል ቦታ መውደቅም ይታለፋል። የማይታለፈው አለመሞት ነው። ተቆርጦ የቆመ ሰው ዋናውን ተዋናይ ባዶ እጁን ያስቀረዋል። በወጣትነቱ እንዲህ ያደረገ አንድ ባልንጀራ ነበረው፤ ምቱን ሳያይ ቀርቶ ቆመ፤ ዳይሬክተሩ የእግሩን ነጠላ ጫማ አውልቆ ወረወረበት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አልጠራውም፤ እሱም ለምን አልተጠራሁም ብሎ አልጠየቀም።

የሥራ ቤታቸው ኪሞኖ የሚሉት የባህል ልብስ በጅምላ ይሸጥበት የነበረ የድሮ መደብር ነው። ፊት ለፊቱ ጠባብ ሆኖ ወደ ውስጥ እንደ ዋሻ የሚረዝም፣ ጣሪያው ከጭስና ከዘመን የጠቆረ፣ ምሰሶዎቹ በእጅ ብዛት የለሰለሱ ነው። ምድር ቤቱ እንግዶቹ ልብስ የሚለብሱበትና የሚፋለሙበት አዳራሽ ነው፤ ፎቅ ላይ የአየር ማቀዝቀዣው ማሽን ከሚያጓራበት ክፍል አጠገብ የተዋናዮቹ ክፍል አለ፤ ሦስት የሰሌን ምንጣፍ ብቻ የምትይዝ፣ አራት ሰው ከገባባት አንዱ ሱሪውን ለመልበስ ሌላው እስኪወጣ የሚጠብቅባት። ናዋ ልብሱን ለብሶ፣ ሰው ሠራሽ ጸጉሩን አድርጎ፣ ጉልበቱ ላይ ሌላ ፕላስተር ጨምሮ ወረደ።

በአራት ሰዓት ተኩሉ ዙር አባት፣ እናትና ሁለት ሴት ልጆች ያሉት አንድ ቤተሰብ ነበር። ቺሆ ጎራዴ እንዴት እንደሚያዝ፣ ከመጀመሩ በፊት እንዴት እጅ እንደሚነሣ እየተረጎመች አስረዳች። ወጣቶቹ ሦስቱ ተዋናዮች በተራ ሞቱ፤ ናዋ እንደ ወትሮው የሽፍቶቹ አለቃ ሆኖ በመጨረሻ ወጣ። አሁን እቆማለሁ ብሎ እግሩን ተከለ። ከፊቱ የቆመችው ግን ትንሿ ልጅ ነበረች። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጥርሷ ወልቋል፤ ዓይኖቿ የእሱን ፊት እንጂ ጎራዴውን አያዩም። እሱ ከቆመ ይህች ልጅ የማትችል ሆና ወደ አገሯ ልትመለስ ነው። ስለዚህ ከአምስት እርምጃ ርቀት ሮጦ መጥቶ፣ እንጨቱ ልብሱን ሲነካው አየር ላይ ተጠምዝዞ፣ በዚያ ወር ከሞታቸው ሞቶች ሁሉ የሚያምረውን ሞተላት። ልጅቷ እልል ብላ ወደ እናቷ ሮጠች። ናዋ ወለሉ ላይ በጎኑ ተኝቶ በአፍንጫው ቀስ ብሎ ተነፈሰ፤ ልቡ ጉልበቱ ውስጥ የሚመታ ይመስል ነበር።

ምሳ ሰዓት ከሱቅ የተገዛ ባለ መቶ ሰማንያ የን የሩዝ ጥቅል እየበላ ሳለ፣ ከዳንስ ትምህርት ቤት የመጣው የሃያ አራት ዓመቱ ታይጋ አጠገቡ ተዘረጋ። ታይጋ ሲወድቅ ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ይገለበጣል፤ እንግዶቹ ያጨበጭቡለታል፤ ሥራውን የሚወስደው እሱ እንደሚሆን ናዋ ገምቷል፤ ልጁ ግን የሚያውቅ አይመስልም።

«ጋሼ ናዋ፣ ዛሬ ስንቴ ሞቱ?»

«ገና አራቴ።»

«እንግዲህ ዕድሜ ይስጥዎ!»

ናዋ ሳቀ። ከዚያ ሩዙን አላምጦ ሲጨርስ፣ «አንተ፣ ስትሳሳት እንዴት አድርገህ ነው የምትሳሳተው?» ብሎ ጠየቀው። ታይጋ ተነሥቶ ቁጭ አለ። «ምን ማለት ነው? ይሰድቡኛል እንዴ?» «የምሬን ነው።» «እኔማ ጋሼ፣ ሳልሞክር ነው የሚመጣልኝ። እርስዎ ለመሳሳት ልምምድ የሚያስፈልግዎ ሰው ነዎት!» በዚህ መሃል ደረጃው ተንቋቋ፤ ቺሆ ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ በጠርሙስ ይዛ ወጣች። ታይጋ ዕቃ እንደረሳ ሰው ሆኖ ወረደ። እሷ ሻዩን አባቷ አጠገብ አስቀምጣ ቆመች። ፊቷ ላይ ላብ አለ፤ አንዱን እጇን በሌላው እጇ ይዛለች። ናዋ ወደ ግድግዳው አየ፤ እንድትናገር ፊቱን ከፊቷ ላይ ማንሣት የተሻለ መስሎት ነበር። ማሽኑ ያጓራል። «እዚህ አየሩ ይቀዘቅዛል?» አለች። «ይበቃል» አላት። ጥቂት ቆይታ ወረደች። የደረጃውን እያንዳንዱን ድምፅ ቆጠረው፤ ስምንተኛው ላይ ትንሽ ቆመች፤ ቀጠለች።

በሰባት ሰዓት ተኩሉ ዙር ሁለት ጓደኛሞችና ገና የተጋቡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሁሉም ትልልቅ ሰዎች፤ ማንንም የማይጎዳ አጋጣሚ ነው። ሙሽራው ጎራዴውን ከላይ ወደ ታች ሲያወርደው ናዋ አልወድቅም፣ አልወድቅም እያለ ነበር። ነገር ግን ጥግ ላይ ያለው የድምፅ ማጫወቻ የመቁረጥ ድምፁን እንዳሰማ ትከሻው በራሱ ዞረ፣ ዳሌው በራሱ ወረደ፤ ጉንጩ ከወለሉ በአንዲት ጣት ርቀት ላይ ሆኖ ነው ሐሳቡ የደረሰበት። ሰውነቱ እሱን ሳያማክር ሞቶ ነበር። ሚስትየዋ ስትገድለውም፣ ሁለቱ ጓደኛሞች ሲገድሉትም እንዲሁ ሆነ። ወለሉ ላይ ተኝቶ፣ ሰላሳ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረው ገላ አሁን ለምን እንደማይታዘዘው እያሰበ፣ ትንሽ ኮራ፤ መኩራቱም አሳፈረው።

በአሥር ሰዓቱ ዙር አቶ ሺዮሚ መጣ። በዝናብ የረጠበ ጃንጥላውን በር ላይ አራግፎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ አዳራሹ ጥግ ሂሳብ መቀበያው አጠገብ ተቀመጠ። ሃምሳ ዓመት ያልሞላው፣ ወፍራም፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው፤ ሁለት የኪሞኖ ኪራይ ሱቆች ዘግቶ ይህን አንዱን በጥርሱ ይዞ ያቆመ። ለናዋ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠው። ቺሆ አጠገቡ ቆማ የሆነ ነገር አንሾካሾከችለት፤ እሱም ሰዓቱን አየ። ናዋ ይህን ከአዳራሹ ማዶ እያየ፣ ከዚህ በኋላ የቀረው አንድ ዙር ብቻ መሆኑን ለራሱ ነገረው።

ስድስት እንግዶች ነበሩ። የመጨረሻው ከካናዳ የመጣ ጡረተኛ መምህር ነው፤ በቁመቱ ልክ ልብስ ስላልተገኘለት ቁርጭምጭሚቱ ሁሉ ወጥቷል፤ ሰውዬው ግን ከሁሉ ይልቅ ነገሩን በቁም ነገር ይዞታል፤ እጅ ሲነሣ ግንባሩ ወለል ሊነካ ነው። ናዋ ጎራዴውን ከፍ አድርጎ እየጮኸ መጣበት። ሰውዬው ከቀኝ ወደ ግራ አግድም ቆረጠው። ናዋ ትንፋሹን ያዘ፤ በእግሩ ጣቶች ወለሉን ቆንጥጦ ያዘ፤ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ካለ አንድ ግንድ ላይ ሰካ። የመቁረጡ ድምፅ ተሰማ፤ አለፈም። ናዋ ቆሞ ነበር።

መምህሩ መጀመሪያ ጎራዴውን አየ፤ እንደተበላሸ ዕቃ ገልብጦ አየው። ከዚያ ደግሞ ቆረጠ። ድምፁ ተሰማ፤ ናዋ ቆሟል። «ጋሼ፣ ይውደቁ እንጂ!» አለ ታይጋ ከሞተበት ቦታ ሆኖ በጥርሱ መሃል። ሦስተኛ ምት መጣ። ናዋ ይህን ሁሉ አስቦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን አላሰበም። ከተቆረጠ በኋላ በሕይወት ኖሮ አያውቅም፤ እጁን ምን እንደሚያደርገው፣ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር አላወቀም። ከእንግዶቹ አንዲቱ ሳቀች። ከዚያ ሁለተኛው። ወዲያው ሁሉም በአንድ ላይ ፈነዱ፤ ስልኮች ወጡ፤ መምህሩም እየሳቀ አራተኛ፣ አምስተኛ ቆረጠው። በስድስተኛው ላይ የቀኑ ሁሉ ድካም ተጠራቅሞ ጉልበቱ ከዳው፤ ናዋ ግድግዳውን በእጁ እየፈለገ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። አቶ ሺዮሚ በመሀረብ ዓይኑን እየጠረገ ነበር። ያልሳቀችው ቺሆ ብቻ ናት።

እንግዶቹ የፎቶአቸውን ከፍለው ሲወጡ አቶ ሺዮሚ ሁለቱንም ጠራቸው። ናዋ ጸጉሩን አውልቆ፣ ላቡን በፎጣ ጠርጎ፣ ጥፋቱን ሊሰማ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። እንዲህ ያለ ጥፋት...» ብሎ ሲጀምር ሰውዬው በሁለት እጁ ትከሻውን ያዘው።

«የምን ጥፋት! ይህንን የት ደብቃችሁት ከርማችሁ ነው? አልሞትም ያለ ሽማግሌ! አያችሁ አይደል፣ ማንም አላዘነም፤ ሁሉም ሳቀ። ከነገ ጀምሮ በሦስቱም ዙር ይግባ። አምስት ጊዜ ይቆረጥ፣ ስድስተኛው ላይ እንደዛሬው ቁጭ። ያቺ አቀማመጥ! አቶ ናዋ፣ ጉልበትዎም ያርፋል፣ መገላበጥ የለ፣ መዘርጋት የለ። ወይዘሪት ቺሆ፣ ያ የጠዋቱ ነገር ቀርቷል፤ እርሺው።»

ናዋ ወገቡን አጥፎ እጅ ነሣ። «አመሰግናለሁ» አለ። ሰውዬው ያለው ሁሉ እውነት ነበር፤ ጉልበቱ ያርፋል፣ ደሞዙ ይቀጥላል፣ ከኦሳካ የሚመጣ የለም፣ ልጁ ምንም መናገር አይጠበቅባትም። እንዲህ በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር የተቃናበት ቀን ትዝ አይለውም። ቺሆ ቁልፎቹን ታስተካክል ጀመር። አቶ ሺዮሚ ጃንጥላውን አንሥቶ እያፏጨ ወጣ።

ቺሆ አዘውትራ ሂሳብ ለመዝጋት ወደኋላ ትቀር ነበር፤ ዛሬ ግን ሂሳቡን ለታይጋ ትታ አብራው ወጣች። ዝናቡ አባርቷል፤ ገና አልመሸም፤ አስፋልቱ ይተናል። የአውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ትምህርት ቤት የዋሉ ልጆችና ጃንጥላ የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። አባትና ልጅ ከሰልፉ ኋላ ቆሙ። አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፤ የእነሱ አልነበረም።

«አባዬ።»

«ምን?»

«ነገ አትምጣ።»

ናዋ ፊት ለፊቱ ወዳለው የመድኃኒት ሱቅ አየ። «አቶ ሺዮሚ እኮ ወዶታል። ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«አንቺም ከእንግዲህ መጨነቅ የለብሽም። ቀርቷል፣ እርሺው አለሽ።»

ቺሆ ዞር ብላ አየችው። «ጠዋት ሰምተኸኝ ነበር።»

«ግድግዳው ስስ ነው።»

«ሆን ብለህ ነው የቆምከው» አለች፤ ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ድምፅዋን ለማስተካከል ጊዜ ወሰደች። «ልጅ ሆኜ በቴሌቪዥን ከሃያ ሰው መሃል አንተን ለይቼ ለእማዬ የማሳያት እኔ ነበርኩ። ፊትህ አይታይም። በአወዳደቅህ ነው የምለይህ። ያቺ ሴትዮ ስትስቅብህ መግቢያው ጠፋኝ።»

«ቢስቁ ምን አለበት? ሰው ከፍሎ ቢስቅ ምን ይጎዳል? ጉልበቴም ያርፋል፤ ያለው እውነት ነው።»

«ጉልበትህ ቤት ይረፍ።»

«ከኦሳካ ሰው ቢያመጣስ?»

«ያምጣ። ነገ ጠዋት ገብቼ እኔው እነግረዋለሁ። ካልፈለገኝም እንግሊዝኛ የሚችል ሰው የሚፈልግ ሆቴል አይጠፋም። ቢጠፋም እፈልጋለሁ።»

«እንደዚህ በይው ያለሽ ማነው?»

«ማንም አላለኝም። እኔ ነኝ የምልህ። በቃህ፣ አባዬ።»

ናዋ ለመልስ አፉን ከፈተ። በቀረጻ ግቢዎቹ ውስጥ «በቃ» የሚለውን ቃል በቀን መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ ለካሜራው ይባላል፣ ለመብራቱ ይባላል፣ ለዋናው ተዋናይ ይባላል። መሬት ላይ ለተኙት የሚለው አልነበረም፤ እነሱ ሌላው ሰው ሲነሣ አይተው ይነሣሉ። ለእናትሽ ምን ልንላት ነው ሊል አስቦ ነበር፤ ተወው። የሚቀጥለውን ወር ደሞዝ፣ የገብሱን ሩዝ፣ ታይጋ ጭንቅላቱን አንድ ቀን ሊያጋጭ እንደሚችል አሰበ፤ እነዚህንም ለዛሬ አላነሣቸውም።

«እሺ» አለ።

አውቶቡሱ መጣ። ሞልቷል፤ ሰው እርጥብ ልብስና ላብ ይሸታል። ቺሆ ቀድማው በኋለኛው በር ገብታ፣ በሰው መሃል ተሹለክልካ አንድ ባዶ ቦታ ላይ ቦርሳዋን ጣል አደረገችና በእጇ ጠራችው። ወትሮ ቢሆን አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ ገና ነኝ ይላት ነበር። ናዋ የወንበሩን ጠርዝ ይዞ፣ መጀመሪያ ቀኝ እግሩን፣ ቀጥሎ ግራውን እያሳረፈ፣ ሳይቸኩል ተቀመጠ።